የማግኔት ናኖ ቅንጣትን መጠን ስትለኩ

ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ) ሠርተው «መጠኑ 10 ናኖሜትር ወጣ» እያሉ በደስታ ለሚመጡ ተማሪዎቼ ጥያቄዬ ሁሌም አንድ ነው፦ በምን ለካችሁት? ያንኑ ናሙና ኤክስ አር ዲ (በኤክስሬይ የሚለካው) 10 ሲለው ዲ ኤል ኤስ (ፈሳሽ ውስጥ ካሉ ቅንጣቶች በሚበተን ብርሃን የሚለካው) 60 ሊለው ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የለኩት ነገር ግን ይለያያል።

አብዛኛው ሰው በኤክስ አር ዲ ይጀምራል። ዱቄቱ በደንብ ይድረቅ፣ በሙቀጫ በቀስታ ይፈጭ። ማሽኑ የመዳብ ቱቦ ካለው ናሙናው ውስጥ ያለው ብረት ራሱ ኤክስሬይ ይረጫል። ያኔ ግራፉ ላይ ከሚወጡት ሹል ጫፎች፣ ከፒኮቹ፣ ሥር ያለው መስመር ከፍ ይልና ትንንሾቹን ፒኮች ይውጣቸዋል። ስለዚህ አትቸኩሉ፣ ቀስ ብሎ እንዲቃኝ አድርጉ።

ከዚያ 35.5 ዲግሪ አካባቢ ያለውን ረጅሙን ፒክ ያዙ። ስፋቱን ከግማሽ ቁመቱ ላይ ለኩ። 0.8 ዲግሪ ወጣ እንበል። መጠኑን ከፒኩ ስፋት የሚያሰላው የሸረር ቀመር እንዲህ ይላል፦ 0.9ን በሞገድ ርዝመቱ (ለመዳብ 0.15406 ናኖሜትር) አባዙ፤ ከዚያ ለስፋቱና ለኮሳይን ቴታ ብዜት አካፍሉ። ስፋቱ በራዲያን ይግባ፣ ማለትም 0.01396። ቴታ ደግሞ የ35.5 ግማሽ፣ 17.75 ነው። መልሱ 10.4 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ዲግሪውን ሳትቀይሩ ብታስገቡ 0.18 ይወጣል፤ የማግኔታይት አንድ የክሪስታል ክፍል እንኳ 0.84 ናኖሜትር ስለሆነ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። ማሽኑ በራሱ የሚጨምረውን ስፋት በመደበኛ ናሙና ለክቶ መቀነስም አይረሳ።

ይህ ቁጥር የክሪስታሉ መጠን ነው። አንድ ቅንጣት ውስጥ ብዙ ክሪስታሎች ሊኖሩ ስለሚችሉ የቅንጣቱን መጠን ለማወቅ ቴም (ቅንጣቱን የሚያሳይ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) ያስፈልጋል። አደራ፣ ናሙናውን በማግኔት ማማሰያ አታማስሉ! ቅንጣቶቹ ማማሰያው ላይ ይለጠፉና ግሪዱ (ናሙናው የሚያርፍባት ትንሽዋ ወንፊት) ላይ የምታንጠባጥቡት ባዶ ውሃ ይሆናል። በአልትራሳውንድ በትኑት፣ በጣም አቅጥኑት። ግሪዱ በደንብ ሳይደርቅም ወደ ማሽኑ አይግባ፤ የላላ ዱቄት በሌንሱ ማግኔት ተስቦ ውድ ዕቃ ያበላሻል። ምስሉ ሲመጣ ቢያንስ ጥቂት መቶ ቅንጣቶችን በኢሜጅ ጄ (የምስል መለኪያ ሶፍትዌር) ለኩ። ክብ ክብ የሆኑትንና ለብቻቸው ያሉትን ብቻ እየመረጡ መለካት ውጤቱን ያዛባል።

ዲ ኤል ኤስ የሚለካው ቅንጣቱን ከነሽፋኑና አብሮት ከሚንቀሳቀሰው ውሃ ጋር ነው። የሚበተነው ብርሃን ከዲያሜትሩ ስድስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ አንድ ባለ 100 ናኖሜትር ጉብታ (የተጣበቁ ቅንጣቶች ክምር) ከባለ 10ው ቅንጣት ሚሊዮን እጥፍ ይበትናል። ጥቂት ጉብታዎች ውጤቱን በሙሉ ይዘውት ይሄዳሉ ማለት ነው። ለሰውነት የሚሰጥ ነገር ለምትሠሩ ግን ከሁሉም የሚጠቅማችሁ ይሄ ቁጥር ነው፤ ደም ውስጥ የሚዞረው ሽፋኑን ለብሶ ነውና።

ቪ ኤስ ኤም (የናሙናውን ማግኔታዊነት የሚለካ መሣሪያ) ካገኛችሁ የሚያወጣውን የማግኔታዊነት ኩርባ፣ የቅንጣቱን ማግኔታዊ መጠን በሚሰጠው በላንጅቪን ቀመር ግጠሙት። የሚወጣው መጠን ብዙ ጊዜ ከቴሙ ያንሳል፤ ላይኛው ንብርብር ላይ ያሉት ስፒኖች (የአተሞቹ ጥቃቅን ማግኔቶች) ከውስጦቹ ጋር በሥርዓት ስለማይሰለፉ። ልዩነቱን ለመደበቅ አትሞክሩ። ሁለቱንም ቁጥር ከነመሣሪያው ስም ጻፉ።