ከክረምት በኋላ ብስክሌት ሲወጣ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሐምሌንና ነሐሴን ደረጃ ሥር ያሳለፈ ብስክሌት መስከረም ሲጠባ ወደ ገጠር መንገድ ይወጣል። የሱሉልታ ሜዳ አረንጓዴ ለብሶ፣ አደይ አበባው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሲፈካ ቤት መዋል ያሳዝናል። በእነዚህ የመጀመሪያ ጉዞዎች የሚገጥመው ችግር ግን በሌላ ወቅት ከሚገጥመው ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ዕቃ የለም። ብስክሌቱም ባለቤቱም ሁለት ሦስት ወር በእርጥበት ውስጥ ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል፤ የሚታየው ብልሽት የዚያ ውጤት ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ጥገና ቤት ሄዶ ደህናውን ዕቃ ያስቀይራል፣ ችግሩ ግን አብሮት ይመለሳል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ምልክቱን በትዕግሥት መመርመር ይቀድማል።

ምሳሌ የማደርገው ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ሰንሰለት በመሻገር በሱሉልታ አድርጎ ወደ ጫንጮ የሚዘልቀውን አስፋልት ነው። ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ሜዳና ነፋስ ሁሉም አለበት። በቢሾፍቱ ወይም በደብረ ብርሃን መስመር ለሚነዳም አብዛኛው ያገለግላል።

ፍሬን ተይዞ ብስክሌቱ ቶሎ አይቆምም

ከዚህ የምጀምረው ሌላው ችግር ሁሉ መንገድ ዳር ቁሞ የሚፈታ፣ ይህ ግን ሕይወት የሚያሳጣ ስለሆነ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከፊትም ከኋላም ከባድ መኪና አለ።

የፍሬኑን እጀታ ይጫኑና ይልቀቁት። ቀስ እያለ የሚመለስ ከሆነ ወይም እስከነጭራሹ ተጭኖ ከቀረ፣ ሽቦው በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ዝጓል ማለት ነው። የፍሬኑን ጎማ (ቸርኬውን የሚይዘውን ላስቲክ) መቀየር እዚህ ላይ ምንም አይጠቅምም። ሽቦውን ከቱቦው አውጥተው ይጥረጉት፤ ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ ቀጭን ዘይት ቀብተው መመለስ ይበቃል። ከሽቦው ክሮች አንዲቱ እንኳ ተበጥሳ ከታየች ግን ሽቦውም ቱቦውም አብረው ይቀየሩ። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ሽቦው የሚበጠሰው ደግሞ አጥብቀው በያዙበት ቅጽበት ነው።

እጀታው በደንብ እየሠራ ቸርኬው ላይ የመፋቅ ድምፅ ካለ፣ የፍሬኑ ጎማ ውስጥ አሸዋ ወይም የብረት ፍርፋሪ ተሰክቷል። በክረምት ጭቃ ውስጥ አንድ ጊዜ መንዳት ለዚህ በቂ ነው። ጎማውን ፈትተው ፍርፋሪውን በመርፌ ያውጡ፤ ፊቱ አብረቅርቆና ጠንክሮ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ እስኪሆን ይሹት። ቸርኬውንም በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ይወልውሉ። ይህ ሥራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ለውጡ ግን ብስክሌቱ አዲስ የሆነ ያስመስላል።

እጀታው እስከ መሪው ድረስ ከተጠጋ ወይ ሽቦው ላልቷል ወይ የፍሬኑ ጎማ አልቋል። ጎማው ላይ የተቀረጹት መስመሮች ከጠፉ አልቋል፤ ካሉ ሽቦውን መወጠር ብቻ ነው። ዲስክ ፍሬን ላለው ሰው ደግሞ የሚያቃጭል ድምፅና የደከመ ፍሬን አብረው ከመጡ ዲስኩን ዘይት ነክቶታል። ዲስኩ በአልኮል ይጸዳል፤ ዘይት የጠጣውን የፍሬን ሸራ ግን መቀየር ይሻላል። በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን እጀታው እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቶታልና ለባለሙያ ይሰጥ፤ እስከዚያው በዚያ ብስክሌት ቁልቁለት አይውረዱ።

ብልሽት ሳይኖርም ፍሬን ሊደክም ይችላል። አስፋልቱ እርጥብ ሲሆን ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ውሃውን እስኪጠርግ ድረስ ብዙም አይሠራም። ስለዚህ ከመታጠፊያው ብዙ አስቀድሞ በቀላሉ ነካ ማድረግና ውሃውን ማስወገድ፣ ከዚያ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። በረጅም ቁልቁለትም ፍሬኑን ሳያቋርጡ ይዞ መውረድ ሙቀት ያከማቻል፤ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገና አጥብቆ መያዝ ይሻላል። ከቁልቁለቱ አናት ላይ ቆም ብለው ሁለቱንም ፍሬን ሳይሞክሩ አይውረዱ።

ማታ የተነፋው ጎማ ጠዋት ለስልሶ ይገኛል

በቅድሚያ ይህን ይለዩ፦ ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ የቆየ ጎማ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ተበስቷል ማለት አይደለም። ካላማዳሪ (አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ) አየር ቀስ በቀስ ያሳልፋል። ነፍተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ትንሽ ብቻ ከቀነሰ ደህና ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከተነፈሰ ቀዳዳ አለ።

የዚህ ወቅት ቀዳዳ ዋና ምክንያት ጎርፍ ነው። የክረምቱ ጎርፍ ጠጠሩን፣ የጠርሙስ ስባሪውንና ከፈነዱ የከባድ መኪና ጎማዎች የሚረግፉትን እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች አጥቦ የአስፋልቱ ዳር ላይ ያከማቸዋል። ብስክሌተኛ የሚነዳው ደግሞ እዚያው ዳር ላይ ነው። እነዚህ ሽቦዎች በዓይን አይታዩም። ካላማዳሪውን ብቻ አስጠግኖ መመለስ ከአንድ ሰዓት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ መበሳት ነው፤ በአንድ ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ተበሳሁ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ሽቦው ከጎማው ውስጥ አልወጣለትም።

ጎማውን ሲያወልቁ ካላማዳሪው የትኛው ጎኑ ወደየት እንደነበር ያስታውሱ። የጎማውን ጽሑፍ ሁልጊዜ ከቫልቩ ትይዩ አድርገው የሚገጥሙ ከሆነ ይህ ቀላል ይሆናል። ካላማዳሪውን ነፍተው ቀዳዳውን ካገኙ በኋላ ከቫልቩ ያለውን ርቀት በጎማው ላይ ይለኩና የዚያን ቦታ ውስጥ በጥጥ ይዳብሱ። ሽቦ ካለ ጥጡ ይያዛል። በጣት አይሞክሩት፣ ይቆርጣል። በወረንጦ ያውጡት።

ቀዳዳው ያለበት ቦታ ራሱ መንስኤውን ይናገራል። በውጭ በኩል አንድ ነጠላ ቀዳዳ ካለ ሽቦ ወይም እሾህ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ አየሩ አንሶ ነበር፤ ጉድጓድ ሲመታ ካላማዳሪው በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጧል። መስከረም ላይ ውሃ የሞላበት ጉድጓድ ጥልቀቱ ስለማይታወቅ ይህ ዓይነቱ ይበዛል። ወደ ቸርኬው በሚያይ ጎን ከሆነ ደግሞ ቸርኬውን ከውስጥ የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቶ የብረት ጠርዝ ተጋልጧል፤ የሚጠገነው ጥብጣቡ ነው።

መለጠፊያው የማይዝ ከሆነ ማስቲሹ ሳይደርቅ ስለተለጠፈ ነው። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ማስቲሹን በስሱ ቀብተው፣ ጣት ሲነኩት የማይጣበቅ እስኪሆን ይጠብቁ፤ ከዚያ ለጥፈው አጥብቀው ይጫኑ። ጎማው ራሱ ተቀዶ ካላማዳሪው የሚታይ ከሆነ የታጠፈ የብር ኖት ከውስጥ ቢያስገቡበት እስከ ቤት ያደርሳል።

የአየሩ መጠን እንደ ጎማው ስፋት ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 25 ሚሊሜትር ጎማ ከ80 እስከ 90 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ 28 ሚሊሜትር ከ65 እስከ 75፣ 32 ሚሊሜትር ከ50 እስከ 60 አካባቢ ይበቃዋል። ጎሚስታ ጋ የሚነፉ ከሆነ መጭመቂያው ለመኪና የተሠራ መሆኑን አይርሱ፤ ቀጭን ጎማ በቅጽበት ሞልቶ ሊፈነዳ ይችላልና በአጭር በአጭሩ እያቋረጡ ይንፉ። ቀጭኑ ቫልቭ ያለ አስማሚ ከጎሚስታው አፍ ጋር አይገጥምም፤ ያቺን ትንሽ የነሐስ አስማሚ ሁልጊዜ ይያዟት።

ሰንሰለቱ ይጮኻል፣ ይዘላል

እንደ ጫጩት የሚጮኽ ሰንሰለት ደርቋል ወይም ዝጓል። ዘይት ከላይ ማፍሰስ ድምፁን ለአንድ ቀን ያጠፋውና ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በቅድሚያ በላምባ በተነከረ ብሩሽ ያጽዱት፣ ይጥረጉት፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት አድርገው የተረፈውን ከላይ በጨርቅ ያስወግዱ። የመኪና ሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ አቧራና አሸዋ ይሰበስባል፤ ሌላ ከጠፋ ብቻ በጣም በስሱ ይጠቀሙበት።

ፔዳሉን ወደኋላ ሲያዞሩ በየተወሰነ ጊዜው ቀጭ የሚል ነገር ካለ አንድ መጋጠሚያ ዝጎ ደርቋል። በዓይን ያግኙት፣ ዘይት ያድርጉበት፣ በእጅ ወደ ጎን ግራና ቀኝ ያወዛውዙት። ዳገት ላይ ተጭነው ሲረግጡ የሚዘል ሰንሰለት ግን አርጅቶ ረዝሟል። በማስመሪያ ይለኩት፦ አዲስ ሰንሰለት 24 መጋጠሚያው 30.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 30.65 ከደረሰ ይቀየር፤ 30.8 ካለፈ የኋላውን ጥርስ ጭምር በልቶታል።

ማርሽ ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ከዘገየ፣ በኋለኛው ማርሽ መቀየሪያ ላይ ያለችውን የሽቦ ማስተካከያ ወደ ግራ ሩብ ዙር እያዞሩ ይሞክሩ። ወደ ትንሹ ለመውረድ ከዘገየ ደግሞ እንደ ፍሬኑ ሁሉ የሽቦውን ዝገት ይጠርጥሩ።

እግር ይከብዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ መንፈስ ይረበሻል

ዳገቱን ሲጀምሩ ወዲያው ትንፋሽ ካጠረ ምክንያቱ ፍጥነት ነው። በሰኔ የነበረ አቅም መስከረም ላይ የለም፤ ልብ ግን አለ ብሎ ያስባል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ለምዶታል፤ ለአዲስ ዓመት ወይም ለመስቀል ከባሕር ጠለል አጠገብ ካለ ከተማ የመጣ ሰው ግን የሚያገኘው ኦክስጅን በአንድ አራተኛ ያህል ቀንሶበታል። እንዲህ ያለው እንግዳ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አርፎ፣ ከዚያም አጠር ያለ መንገድ ይምረጥ። ከፍታ ለለመደው ሰው ግን ጉልበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የመጣው ከ2,000 ሜትር በላይ ካለችው ከመቀሌ ነው። መመዘኛው ቀላል ነው፦ ከጎን ላለው ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ማርሽ ይቀንሱ።

ሁለት ሰዓት በደንብ ነድተው በድንገት እግር ከከበደ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካለና ያለምክንያት መበሳጨት ከመጣ ረኃብ ነው። ብዙ ሰው ይህን ድካም ብሎ ያልፈዋል። ሰውነት ያከማቸው ስኳር አልቋል፤ በብርታት የሚታለፍ ነገር አይደለም። ይቁሙ፣ ይቀመጡ፣ ጣፋጭ ሻይ ወይም ለስላሳ ይጠጡ፣ ዳቦ ወይም ሙዝ ይብሉ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። እንዳይደገም በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ አለው። እኔ ከሁሉ የምመርጠው በማር የተበጠበጠ ቀጠን ያለ በሶ ነው፦ ሆድ አይረብሽም፣ ለጾመኛም ይሆናል፣ ከውጭ የሚመጡትን ውድ ዱቄቶች አያስመኝም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ቀትር የሚጾም ሰው ረጅሙን ጉዞ ወደ ቅዳሜ ቢያዞር ይሻለዋል።

የደረት መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን መሳት ግን ከዚህ ጽሑፍ ውጪ ነው። ወዲያው ማቆምና ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ጉልበት ከፊት በኩል የሚያም ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ በኩል ከሆነ ከፍ ብሏል። ተረከዝ ታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግር ቀጥ የሚልበት ከፍታ ጥሩ መነሻ ነው። እጅ የሚደነዝዘው ደግሞ የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ክብደቱ መዳፍ ላይ ሲወድቅ ነው።

ሲሄዱ ቀላል የነበረው መንገድ ሲመለሱ አልገፋ ይላል

ነፋስ ነው። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ረፋዱ ላይ የሚነሳውን ነፋስ የሚከልል ነገር የለም፤ ከኋላ ሲነፍስ ደግሞ ጉልበታችን የጨመረ ይመስለናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስተው፣ ነፋስ ካለ በቅድሚያ ከፊት ለፊቱ ይንዱ፣ በመመለሻው ይግፋዎት። የመስከረም ዝናብም ከቀትር በኋላ የመምጣት ልማድ አለውና እስከ ስድስት ሰዓት ቤት መግባት ጥሩ ነው።

መኪና እየተጠጋ የሚገፋዎት ከሆነ ምናልባት የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተለጥፈው እየነዱ ነው። ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቀጥ ብለው ሲነዱ ሹፌሩ እንደ ተሽከርካሪ ያይዎታል፤ ለጉድጓድም ማምለጫ ይኖራል። ውሻ ሲያባርር ደግሞ መፍጠን ያነሳሳዋል፦ ይውረዱ፣ ብስክሌቱን በመካከል ያድርጉ፣ በእግር ይራመዱ፤ አብዛኛው ወዲያው ይተዋል።

በሳምንቱ ዝገት ይታያል

ጭቃ የነካ ብስክሌት መኪና እጥበት ቤት አይወሰድ። ኃይለኛው ውሃ ቅባቱን አጥቦ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባና ለዓመታት የሚያገለግለውን ዕቃ በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል። ባልዲ ውሃ፣ ሳሙናና ጨርቅ ይበቃሉ። ዝናብ መትቷችሁ ከሆነ ኮርቻውን ከነምሰሶው ነቅለው ብስክሌቱን ይገልብጡት፤ በአካሉ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ይፈሳል። ምሰሶውን ቅባት ቀብተው ይመልሱ፣ ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ዘይት ያድርጉበት፣ የተበሳውን ካላማዳሪም በዚያው ዕለት ይለጥፉት።