እንግሊዝ አገር ልጃችሁን የአይሁድ ትምህርት ቤት ከማስመዝገባችሁ በፊት

መጀመሪያ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ጠይቁ። ሕንፃውና ዩኒፎርሙ ይደርሳል። አብዛኞቹ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ሂሳቡን፣ እንግሊዝኛውንና ሳይንሱን በብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት ያስተምራሉ፤ በዚያ ላይ ዕብራይስጥ፣ ኦሪትና ጸሎት ይጨምራሉ። ቀኑ ግን ያው ነው። ታዲያ የዕብራይስጡ ሰዓት ከየት መጣ? ቀኑ ረዝሞ ነው ወይስ ሙዚቃው፣ ሥዕሉና ስፖርቱ ተቀንሶ? ጥሩ ርእሰ መምህር ሰሌዳውን አውጥቶ ያሳያችኋል። አድበስብሶ ካለፈ ደግማችሁ ጠይቁት።

ቀጥሎ የትኛው ዕብራይስጥ እንደሆነ አጣሩ። የጸሎት መጽሐፉን አቀላጥፎ የሚያነብ ልጅ በዘመናዊ ዕብራይስጥ ውሃ ስጡኝ ማለት ሊያቅተው ይችላል። ተማሪዎች 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በሚወስዱት የጂሲኤስኢ ፈተናም የመጽሐፍ ቅዱሱና ዘመናዊው ለየብቻ ነው የሚሰጡት። ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች አንድ የውጭ ቋንቋ መማር ስላለባቸው ዘመናዊ ዕብራይስጥን በዚያ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩ አሉ። እኔ ይሄን አሠራር እወደዋለሁ፣ ከሌላ ትምህርት ሰዓት አይሻማም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚፈልገው ግን ልጁ 5 እና 6 ዓመት ሲሆነው ነው። በዚያ ዓመት ማብቂያ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደላትን በድምፃቸው አጣምሮ ማንበብ መቻሉ የሚታይበት ምዘና አለ፤ 40 ቃላት ያነባል፣ ግማሾቹ ትርጉም የሌላቸው ናቸው። በዚያው ሰሞን ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበቡ 22 የዕብራይስጥ ፊደላት ይማራል። ቤት የሚባለው ፊደል ውስጡ ነጥብ ካለው «በ»፣ ከሌለው «ቨ» ተብሎ ይነበባል። ዳሌትና ሬሽ የሚለዩት በአንዲት ማዕዘን ነው። አምስቱ ደግሞ ቃል መጨረሻ ላይ ሲመጡ ቅርፃቸውን ይቀይራሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁለቱን ንባብ አከታትላችሁ አታስጠኑት፤ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ በጣቱ እየተከተለ ያንብብ። ፊደል መለየት ከከበደው ለእንግሊዝኛውም ለዕብራይስጡም መምህር ንገሩ፤ እያንዳንዳቸው የሚያዩት የችግሩን ግማሽ ብቻ ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ በመንግሥት በጀት በሚተዳደሩት ውስጥ የሃይማኖት ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው በወላጆች መዋጮ ነው። መዋጮው በሕግ የፈቃደኝነት ነው፤ አልከፈላችሁም ተብሎ ልጃችሁ ቦታ አይከለከልም። የግሎቹ ክፍያ አላቸው፣ ብሔራዊውን ሥርዓተ ትምህርት የመከተል ግዴታም የለባቸውም።

ማመልከቻው ላይ አትዘናጉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጄኤፍኤስ በሚባለው የለንደን የአይሁድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ላይ ከወሰነ ወዲህ ቅበላ በእናት የዘር ሐረግ መወሰኑ ቀርቷል። አመልካች ሲበዛ የሚታየው የሃይማኖት ተሳትፎ ነው፣ ለምሳሌ ምኩራብ መሄድ። ስለዚህ የምኩራብ ማስረጃውን ቀደም ብላችሁ ማሰባሰብ ጀምሩ። ለአካባቢው አስተዳደር ከሚገባው ፎርም ሌላ የትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ፎርም አለ፤ እሱን የረሳ ቤተሰብ ከወረፋው ኋላ ይሰለፋል። የአስተዳደሩ ፎርም ቀነ ገደብ ለሁለተኛ ደረጃ ኦክቶበር 31፣ ለአንደኛ ደረጃ ጃንዋሪ 15 ነው።

ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠረውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የኦፍስቴድን ሪፖርት ብቻ አንብባችሁ አትወስኑ። የአይሁድ ትምህርቱን የሚመዝነው ፒኩዋች የሚባል ሌላ ቁጥጥር ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ።

ሥራ ያላችሁ ደግሞ የክረምቱን ዓርብ አስቡበት። ዲሴምበር ላይ ለንደን ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ስለሆነ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ለሚጀምረው የአይሁድ ሰንበት (ሻባት) ሲባል ልጆቹ ቀደም ብለው ይለቀቃሉ፤ ማን እንደሚያመጣቸው ከአሠሪያችሁ ጋር ከወዲሁ ተነጋግራችሁ ጨርሱ።