ሌንስ ስትገዙ ጋዜጣ አይለያችሁ

ሌንሱ ጉድለት እንዳለበት ለማየት ጋዜጣውን ዘርግታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጋችሁ ፊት ለፊቱ ቀጥ አድርጉ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱና አራቱን ማዕዘኖች አጉልታችሁ አወዳድሩ።

አራቱም እኩል ትንሽ ቢደበዝዙ አትደንግጡ፤ ብዙ ሌንስ እንዲህ ነው። የግራው ፊደል ጥርት ብሎ የቀኙ ከተድበሰበሰ ግን ጠርጥሩ። ካሜራውን ገልብጣችሁ ድገሙት። ድብዛዜው ወደ ሌላኛው የጋዜጣው ጎን ከዞረ ጥፋቱ የሌንሱ ነው፤ ውስጥ ያለ አንድ መስታወት መሃሉን ስቷል ማለት ነው። እዚያው ከቀረ የካሜራውን አቋቋም አስተካክሉ።

ቀዳዳውን አጥብባችሁ ኤፍ 8 ላይ ብቻ እንዳትሞክሩ፤ ጉድለቱን ይደብቀዋል። እኔም አንዴ የተሸወድኩት በዚሁ ነው።

ያገለገለ ከሆነ የስልክ መብራት ከኋላው አብሩበት። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ሌንሱን አትግዙት።