የአረቄ ማውጫ ዕቃ በብድር እንዴት ይገዛል?

አርሲ ነጌሌን የሚያውቅ አረቄዋን ያውቃል። እዚያ ብዙ ቤተሰብ የሚያድረው፣ ልጅ የሚያስተምረው በዚሁ ሥራ ነው። ጎጃም ውስጥም የዳጉሳ አረቄ የሚያወጡ እናቶች ሞልተዋል። የአብዛኞቹ ዕቃ ግን ዛሬም ሸክላው፣ መቃው እና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የተነከረው መቀበያ ነው። አረቄ ይወጣበታል፣ ግን እንጨት ይጨርሳል። መጋጠሚያው እንፋሎት ያባክናል። የዛሬው አረቄ ከትናንቱ ጋር አይመሳሰልም። ጭሱን ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሰው ሴትየዋ ናት።

የተሻለ ማውጫ ያስፈልጋል፤ በአንዴ ከኪስ አውጥቶ የሚገዛው ግን ጥቂት ነው። ብድር መበደር ነውር የለውም። ብድሩን ማን እንደሚከፍለው ሳያውቁ መፈረም ነው አደጋው።

መጀመሪያ ደብተር

ባንክ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ የአንድ ወር ሥራችሁን ጻፉ። በየጥንስሱ ስንት ኪሎ እህል ገባ፣ ጌሾና ብቅል ስንት ወጣበት፣ እንጨቱ ስንት ብር ነው፣ ስንት ሊትር ወጣ፣ በስንት ተሸጠ። አተላውንም አትርሱ። በሬ የምታደልቡበት ወይም ለሚያደልብ ጎረቤት የምትሸጡት ከሆነ ገቢ ነው፣ ይጻፍ።

ከዚያ ሁለት ነገር አስሉ፦ አንድ ሊትር ለማውጣት የስንት ብር እንጨት ይነዳል? ከአንድ ኩንታል እህል ስንት ሊትር ይወጣል? አዲሱ ዕቃ ብድሩን የሚከፍለው በዋናነት ከእነዚህ ነው፤ እንጨት በመቀነስ እና በእንፋሎት የሚባክነውን በማስቀረት። ጥራቱ ሲያምር ዋጋው ይጨምራል የሚለውን እኔ በስሌቱ አላስገባውም። ከመጣ እሰየው፣ ካልመጣ ግን ዕዳው አይጠብቅም።

ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ

የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ሰው ከባንክ የሥራ ብድር ማግኘት ይከብደዋል። በጄሪካን ለነጋዴ ማስረከብ አንድ ነገር ነው፣ በጠርሙስ አሽጎ ስም ለጥፎ መሸጥ ሌላ። ሁለተኛውን ካሰባችሁ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥሩ፣ የጥራት ደረጃው እና ኤክሳይዝ ታክሱ ይመጣል፤ ዋጋ ሳትተምኑ ሄዳችሁ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት አልኮል በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ አይቻልም፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነም መሸጥ ክልክል ነው። ስለዚህ የንግድ ዕቅዳችሁ ላይ «በማስታወቂያ ገበያ እናሰፋለን» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ዕቃውን ምረጡ፣ ፕሮፎርማ ያዙ

መዳብ ጥሩ ነው፤ ሙቀት ቶሎ ያስተላልፋል፣ የድኝ ዓይነቱን መጥፎ ሽታም ይቀንሳል። የማይዝግ ብረትም ይሆናል። የማልስማማበት ነገር ግን አለ፦ የአሮጌ መኪና ራዲያተርን ማቀዝቀዣ ማድረግ። ብየዳው እርሳስ አለበት፣ እርሳሱ አረቄው ውስጥ ይገባል፣ ሰው ይመርዛል። የሚሠራላችሁን ባለሙያ «የምትበይድበት ነገር እርሳስ አለው ወይ?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁ፣ መልሱንም ውሉ ላይ አስጽፉት።

ከሁለት ሦስት ብረታ ብረት ቤቶች ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ውሰዱ። በአካባቢያችሁ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ካለ እሱንም ጠይቁ። ፕሮፎርማው ላይ የማውጫው ሊትር፣ የብረቱ ዓይነትና ውፍረት፣ ቴርሞሜትር፣ የአልኮል መለኪያ፣ ምድጃው ሁሉ ይዘርዘር። ምድጃውን ያልጨመረ ፕሮፎርማ ግማሽ ነው፤ እንጨት የሚቆጥበው እኮ ምድጃው ነው። ትልቁን አትመኙ፣ ዛሬ የምታወጡትን አይታችሁ ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል።

የማን ገንዘብ ነው?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ጊዜውን ያባክናል። ሁሉም ገንዘብ ለአልኮል አይሰጥም። ወለድ አልባ የባንክ አገልግሎት አረቄን አይነካም። ከውጭ ድጋፍ የመጣ ገንዘብም አብዛኛውን ጊዜ ገደብ አለው፤ ለምሳሌ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ ከማይደግፋቸው ሥራዎች ውስጥ ከቢራና ከወይን ውጭ ያለ የአልኮል መጠጥ ምርት አንዱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ስለ ወለዱ አይሁን። «ይህ ብድር ለአረቄ ይፈቀዳል?» በሉ። ዓላማውን ደብቃችሁ «ለእህል ንግድ» ብላችሁ አትውሰዱ፤ በኋላ ከታወቀ ብድሩን ባንዴ መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ያውቋችኋል፣ ሥራችሁን ያዩታል፣ ዋስትናውም ይቀላል። ቀጥሎ ማይክሮፋይናንሶቹ፣ እንዲሁም ከማይክሮፋይናንስ ወደ ባንክ ያደጉት ፀደይ እና ስንቄ አሉ። ማሽኑ ትልቅ ከሆነ ደግሞ የካፒታል ዕቃ ኪራይ አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተፈቀደ። ድርጅቱ ማሽኑን ገዝቶ ያከራያችኋል፣ ከፍላችሁ ስትጨርሱ የእናንተ ይሆናል። ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሚሆን የቤት ካርታ ለሌለው ሰው ይመቻል። ልማት ባንክ በዚህ መንገድ ሲሠራ የቆየው 20 በመቶውን ተከራዩ አዋጥቶ ነው፤ ለዚህ መዋጮ ዕቁብ የመሰለ ነገር የለም፣ ዕጣችሁን ከዕቃው ክፍያ ጊዜ ጋር አስማሙት። በተጨማሪም በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ ማሽን፣ እህል የመሳሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች በመያዣነት ይመዘገባሉ። የምታደልቡት በሬ ካለ ስለሱም አንሱ።

ወለዱ እንዴት ነው የሚሰላው?

«18 በመቶ ነው» ሲባል አትረኩ። በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል ናቸው። ዕቃው 200,000 ብር ነው እንበል። 40,000 አዋጣችሁ፣ 160,000 ለ2 ዓመት ተበደራችሁ። ወለዱ ከመጀመሪያው ብድር ላይ የሚሰላ ከሆነ፣ ፍላት የሚሉት ማለት ነው፣ የዓመቱ 28,800፣ የሁለቱ 57,600 ይሆናል። በወር ወደ 9,067 ብር ትከፍላላችሁ። በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላ ከሆነ ግን ወርኃዊው 7,988 ገደማ ነው፣ ጠቅላላ ወለዱም ወደ 31,700። ያው 18 በመቶ፣ ልዩነቱ ወደ 26,000 ብር! የክፍያ ሰንጠረዡን በወረቀት ሳታዩ አትፈርሙ። የአገልግሎት ክፍያ፣ የብድር መድን፣ የግዴታ ቁጠባ ካለም አብሮ ይደመር።

አሁን ወደ ደብተራችሁ ተመለሱ። በወር የምታተርፉት እና ከእንጨት የምትቆጥቡት ተደምሮ ክፍያውን ከፍሎ፣ ቤታችሁንም አብልቶ ካልተረፈ ዕቃውን ቀንሱ ወይም ጊዜውን አርዝሙ።

የክፍያውን ጊዜ ከገበያው ጋር አስማሙ

ጥር የሠርግ ወር ነው፣ አረቄው ይሸጣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ የለም፣ ገበያው ይቀዘቅዛል። እህል በመኸር ማግሥት ይረክሳል፣ ክረምት ላይ ይወደዳል። በየወሩ እኩል የሚከፈል ብድር ይህን አያውቅም። ስለዚህ አበዳሪውን የእፎይታ ጊዜ ጠይቁ፣ ገበያ ባለበት ወር ብዙ፣ በሌለበት ትንሽ መክፈል ይቻል እንደሆነም ተደራደሩ። ሌላው ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር፣ ያላችሁን ሁሉ ለዕቃው አውጥታችሁ ለእህል መግዣ እንዳታጡ። ማውጫው አምሮ ቆሞ ጥንስስ የሌለው ቤት ዕዳ አይከፍልም። ከብድሩ የተወሰነው ለሥራ ማስኬጃ እንዲሆን መጀመሪያውኑ ጠይቁ።

ብቻችሁን ከከበዳችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ማውጫ መግዛት ትችላላችሁ፤ ተራ፣ እንጨት እና ጥገና ማን እንደሚሸፍን ግን በጽሑፍ ይሁን፣ በመዋደድ ብቻ አይሆንም።

ርክክብ

ለብረት ቤቱ ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ። ቀብድ ስጡ፣ የቀረው ተሞክሮ ይከፈል፣ አበዳሪው በቀጥታ ለሻጩ የሚከፍል ከሆነም ይህንኑ ውሉ ላይ አስገቡ። መጀመሪያ ውኃ ብቻ አፍሉበት፣ መጋጠሚያውን በእጅ ባትሪ እየዞራችሁ እዩ፣ እንፋሎት ካመለጠ ይመለስ። የሚያፈስ መጋጠሚያ አረቄ ማባከኑ ብቻ አይደለም፣ የአልኮል እንፋሎት እሳት ሲያገኝ ቤት ያቃጥላል። ቀጥሎ የራሳችሁን ጥንስስ አውጡበት፣ ሊትሩን ከደብተሩ ጋር አስተያዩ፣ እንጨቱንም መዝኑ።

የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ። የመጨረሻውን ክፍያ ስትጨርሱ ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ውሰዱ፤ ኪራይ ከሆነ የባለቤትነት ሰነዱን ተረከቡ፣ በመያዣ የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ከመዝገቡ መሰረዙን አረጋግጡ።