አዲሱ የዓሣ ገንዳችሁ ምን ሆነ? ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ውሃው ወተት መሰለ
ገንዳው በተሞላ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚታይ ነው። ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ ስለሚራባ ውሃው ይደፈርሳል። መፍትሄው እጅን መሰብሰብ ነው፤ በቀናት ውስጥ ራሱ ይጠራል። ሁሉንም ደፍቶ እንደገና መሙላት ሥራውን ከዜሮ ማስጀመር ነው። ድፍርሱ አረንጓዴ ከሆነ ግን አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር) ነው። መብራቱን በቀን ወደ 6 ሰዓት አውርዱ፣ ገንዳውንም ከፀሐይ አርቁ።

ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ
ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም። መጀመሪያ ውሃውን በመመርመሪያ ጠብታ ለኩ። ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬቱን ተክሉ ይመገበዋል። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ሻጩ «ዛሬ ሙላ፣ ነገ ዓሣ ጨምር» ቢላችሁ አትስሙት። አሞኒያም ናይትራይትም ዓሣ ይመርዛሉ፤ አንዳቸው ከታየ ግማሹን ውሃ ክሎሪኑ በጠፋለት ውሃ ቀይሩ፣ ምግብም ቀንሱ።

ሁለቱም ዜሮ ከሆኑስ? ብዙውን ጊዜ ኦክስጅን አንሷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለ እኩል ሙቀት ካለው ውሃ በሩብ ያህል ያንሳል። ማታ ደግሞ ተክሉም ኦክስጅን ይሻማል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ይብሳል። የአየር ፓምፕ አስገቡ፣ ወይም የፊልተሩ ውሃ ከላይ እየተንፏፏ እንዲወርድ አድርጉ።

ዜሮ ገብቶ የነበረው አሞኒያ ተመልሶ መጣ
ፊልተሩን ማን አጠበው? ስፖንጁ ቧንቧ ሥር ከታሸ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ፈጅቶታል። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርጉት፣ በቃ። ቡኒ እንደሆነ ይቅር፤ ነጭ እንዲሆን አይጠበቅም። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋም በታሸገ ፊልተር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ታፍኖ ይሞታል። ስፖንጁን አውጥታችሁ ገንዳው ውስጥ አቆዩት። መብራት ሲመጣ በፊልተሩ ውስጥ የቆመውን ውሃ ሳትደፉ አታስነሱት።

ናይትራይቱ አልወርድ አለ
ቴርሞሜትሩን እዩ። ውሃው ከቀዘቀዘ ባክቴሪያው ይንቀራፈፋል። ሂተሩን 26 ዲግሪ ላይ አድርጉና ጠብቁ።

ተክሉ ቀለጠ
ክሪፕቶኮሪን የሚባለው ቦታ ሲቀየርለት ቅጠሉ መስታወት መስሎ ይሟሟል። ብዙ ተክል ለሽያጭ ሲዘጋጅ የሚያድገው ቅጠሉ ከውሃ ውጪ ሆኖ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ አሮጌውን ቅጠል ጥሎ አዲስ ያወጣል። ሥሩን በጣት ነካ አድርጉ፤ ጠንካራ ከሆነ አትንቀሉት፣ የበሰበሰውን ቅጠል ብቻ ቁረጡ። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ግን ወፍራም ግንዳቸው አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳሉ። አውጥታችሁ ድንጋይ ላይ በክር እሰሯቸው።

መስታወቱ ላይ ቡናማ ዱቄት
ዲያቶም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፣ አዲስ ገንዳ ላይ የተለመደ። ጥረጉት።