መኖ ላይ ኦክሲቴትራ ከመጨመራችሁ በፊት

አዳማ ውስጥ ዶሮ የሚያረቡ ብዙ ሰዎች ከፉርሽካውና ከፋጉሎው ጎን የኦክሲቴትራሳይክሊን (ኦክሲቴትራ የሚሉት፣ ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ) ፓኬት አያጡም። ለምን ስትሏቸው «እንዳይታመሙ ትንሽ ትንሽ ጣል አደርጋለሁ» ይላሉ። እባካችሁ፣ ይቺን ትንሽ ትንሽ ተዉአት።

ትንሽ መጠን ባክቴሪያውን አይጨርሰውም። ደካማውን ይገድልና መድኃኒቱን የሚቋቋመውን ያስቀራል፤ እሱ ደግሞ በኩሱ፣ በእጃችን፣ በደንብ ባልበሰለ ሥጋ ወደ ቤታችን ይገባል፣ ያኔ ልጅ ሲታመም መድኃኒቱ አልሠራም ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት ለማፋፊያ ተብሎ አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ መጨመርን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለው ይህን ፈርቶ ነው። ለእንቁላል ጣይ ሲሆን ደግሞ ገንዘብም ይባክናል። የጣይ መኖ ካልሲየም ይበዛበታል፣ ካልሲየም ኦክሲቴትራውን ስለሚይዘው ብዙው ደም ውስጥ ሳይገባ በኩስ ይወጣል።

ታዲያ በምን እንከላከል? በክትባት ጀምሩ። ፈንግል ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። በውኃ የምትሰጡት ከሆነ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋልና አስቀድማችሁ በሊትር 2 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት በጥብጡበት። ማለዳ ሳይሞቅ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ውኃ ከከለከላችኋቸው በኋላ ስጡ። የአዳማ ሙቀት ስለሚጎዳቸው ከዚያ በላይ አታስጠሟቸው።

ሰጋቱራው ይድረቅ፣ በተለይ ውኃ መጠጫው ዙሪያ። የረጠበውን ዛቁና በደረቅ ተኩ። ኩሱ ደም ከቀላቀለ ብዙ ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ በሽታ ነው። ይህም ባክቴሪያ ስላልሆነ ኦክሲቴትራ አያድነውም፣ ሐኪሙ ለዚሁ በሽታ የሚሆነውን አምፕሮሊየም ሊያዝላችሁ ይችላል። እኩለ ቀን ላይ አፋቸውን ከፍተው ቢያለከልኩ ደግሞ መጀመሪያ ሙቀቱን ጠርጥሩ፤ አየር እንዲገባ አድርጉ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ስጡ።

ከምር ከታመሙስ? በግምት መድኃኒት አትግዙ። ገና የሞተ ዶሮ በላስቲክ ቋጥራችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱ። አንቲባዮቲክ ካዘዘ ሙሉውን መጠን እስከ መጨረሻው ቀን ስጡ። የታመመ ዶሮ መብላት ቢያቆምም መጠጣቱን አይተውም፣ ስለዚህ በውኃ የሚሰጥ ካለ እሱን ጠይቁ። የመጨረሻውን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉ። ከዚያ ፓኬቱ ላይ ያለው የመቆያ ጊዜ (መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ የሚጠበቀው ቀን) እስኪያልፍ ሥጋውንም እንቁላሉንም አትሽጡ፣ ለጎረቤትም አትስጡ፣ እናንተም አትብሉ።