የማሞግራም ደብዳቤ ጡትዎ «ጥቅጥቅ ነው» ሲል ምን ማድረግ አለብዎት?

ከሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ማሞግራም (የጡት ራጅ) የምትነሳ ሴት ሁሉ ጡቷ ጥቅጥቅ መሆኑ ወይም አለመሆኑ በጽሑፍ ይነገራታል። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያወጣው ግዴታ ነው። ቃሉ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ካንሰር አለብዎት ማለት አይደለም። ከ40 ዓመት በላይ ከሆኑ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ይኸው መልእክት ይደርሳቸዋል።

1. መጀመሪያ ትርጉሙን ይያዙ። በማሞግራም ላይ ስብ ጠቆር ብሎ፣ የወተት እጢና ደጋፊ ሥጋው ደግሞ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካንሰርም ነጭ ነው። ነጩ በበዛ ቁጥር ካንሰሩ ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ ሌላ ጥቅጥቅነቱ ራሱ በካንሰር የመያዝ ዕድልን ከፍ ያደርጋል። በእጅ ዳስሶ ማወቅ አይቻልም፤ ሲነካ ጠንከር የሚል ጡት ሁሉ ጥቅጥቅ አይደለም።

2. ደረጃዎን ይጠይቁ። ለእርስዎ የሚላከው ደብዳቤ «ጥቅጥቅ ነው» ወይም «አይደለም» ብቻ ይላል። ለሐኪምዎ የሚደርሰው ሪፖርት ግን ከኤ እስከ ዲ ካሉት አራት ደረጃዎች አንዱን ይጠቅሳል። ጥቅጥቅ የሚባሉት ሲ እና ዲ ናቸው፤ ዲ እጅግ ጥቅጥቅ የሆነው ነው። ዲ የሚደርሳቸው ከመቶ አሥር ያህሉ ሴቶች ብቻ ስለሆኑ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

3. የጡት ጥቅጥቅነትን በዘር እያወዳደሩ ስለ ሌሎች ሴቶች የሚነገረውን በጥንቃቄ ይስሙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥቅጥቅነት ብዙ ጊዜ የሚለካው በመቶኛ ነው፤ ማለትም ነጩ ክፍል ከጠቅላላው ጡት ስንት እጅ እንደሆነ ይታያል። ሁለት ሴቶች እኩል 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነጭ ክፍል አላቸው እንበል። የአንደኛዋ ጡት በምስሉ ላይ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን 30 በመቶ ይሆናል፤ 200 የሆነችው ግን 15 በመቶ ብቻ ይወጣላታል። በቁጥር እጥፍ ተራራቁ፣ ነጩ ሥጋ ግን ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ የእስያ ዝርያ ያላቸው ሴቶች መቶኛቸው ከፍ ብሎ ሳለ በጡት ካንሰር የሚያዙት ከነጭ ሴቶች ያነሱ ናቸው። ጥቁር ሴቶች ደግሞ የሰውነት ክብደት ከግምት ሳይገባ ሲወዳደሩ መቶኛቸው ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል፤ ክብደት ሲታሰብ ግን ውጤቱ ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ጥናት ሲነገርዎ በዕድሜ፣ በክብደትና የወር አበባ በመቆሙ ተመሳሳይ የሆኑ ሴቶች መወዳደራቸውን ይጠይቁ። የቆዩት ጥናቶች በአብዛኛው በነጭ ሴቶች ላይ የተሠሩ ናቸው። «ጥቁር» በሚለው መደብ የተሰበሰበው መረጃም በብዛት የአፍሪካ አሜሪካውያን ነው፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ለመጣች ሴት ልክ እንደተሰፋ ልብስ ይሆናል ብዬ አላምንም።

4. የራስዎን ታሪክ ጽፈው ይዘው ይሂዱ። እናትዎ፣ እህትዎ ወይም ልጅዎ የጡት ካንሰር ነበረባቸው? በስንት ዓመታቸው? ከጡትዎ ናሙና ተወስዶ ያውቃል? ሆርሞን ይወስዳሉ? ሐኪሙ እነዚህን ከደረጃዎ ጋር አስገብቶ የአምስት ወይም የአሥር ዓመት አደጋዎን ያሰላል። የአገር ቤቱ ዘመድ በሽታ ስሙ ሳይነገር «ቁስል ነበር» ተብሎ ብቻ ቀርቶ ከሆነ ያንኑ ይናገሩ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነጻ ማቅረብ አለባቸው፤ ልጅዎ ይህን እንድትተረጉም አያስገድዷት።

5. ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይወያዩ። ኔዘርላንድስ ውስጥ በዲ ደረጃ ባሉ ሴቶች ላይ የተደረገና በ2019 ውጤቱ የወጣ ጥናት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ሲጨመር በሁለት ምርመራዎች መካከል ብቅ የሚለው ካንሰር ከ1000 ሴቶች ከ5 ወደ 2.5 መውረዱን አሳይቷል። በሌላ በኩል ከ1000ው ወደ 80 የሚሆኑት ካንሰር ሳይኖርባቸው ለተጨማሪ ምርመራ ተጠርተዋል። የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎት ግብረ ኃይል የተባለው የባለሙያዎች ቡድን በ2024 ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም ይመክራል፤ ጡቱ ጥቅጥቅ ስለሆነ ብቻ ተጨማሪ ይደረግ ለማለት ግን ማስረጃው አልበቃም ብሏል። ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ኢንሹራንስዎ መክፈል አለመክፈሉን ደውለው ያረጋግጡ።

6. ማሞግራሙን አያቋርጡ። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ ደም ካዩ ያለፈው ወር ውጤት ደህና ቢሆንም ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይዩ። ኢትዮጵያ ላሉት እህቶቻችንም የሚነገረው ይኸው ነው፤ እዚያ ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት እብጠቱ ከገፋ በኋላ ነው።